ነጩ ወይንና የባለቤቴ አፍንጫ

ባለቤቴ ማሽተት ያቃተው ጊዜ እኔ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሱ ነው። በበሽታው መናደድ ሲገባኝ በእሱ! ደብቆኝ ነበራ። አንድ ቀን ሳን ሆዜ ካለው ሥራዬ ስመለስ፣ ገና ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ የተቃጠለ ምስር ሸተተኝ። ሮጬ ወጥ ቤት ስገባ ድስቱ ከስሏል፣ ምስሩ ጥቁር ድንጋይ ሆኗል። ባለቤቴ ከግድግዳው ማዶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ኳስ ያያል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ እስኪነድ ነው የምትጠብቀው? አይሸትህም እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት።

ቴሌቪዥኑን አጠፋና ቀና ብሎ አየኝ። "አይሸተኝም" አለ። "ከታመምን ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።"

ያ ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ ያላንኳኳው ቤት የለም፤ የእኛንም አንኳኩቶ ሁለታችንንም አስተኝቶን ነበር። እኔን ሳሉ ለቀቀኝ፣ እሱንም ትኩሳቱ ለቀቀው፣ አፍንጫው ግን በዚያው ቀረ። ስንት ሳምንት ሙሉ አብሮኝ እየበላ፣ አብሮኝ እየተኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። "ይመለሳል ብዬ ነዋ" አለኝ። የተቃጠለውን ድስት ማጠቢያው ውስጥ ወርውሬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን "እግዜር ይማርህ" ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። የእኔ ባል ግን እንጀራ የሚበላው በአፍንጫው ነው። እዚሁ የምንኖርበት ኦክላንድ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሳህን በማጠብ ጀመረ፣ ቀጥሎ ከየጠረጴዛው የተበላበትን ሳህን አነሳ፣ ከዚያ አስተናጋጅ ሆነ። አሁን እንግዳው "ከዚህ ምግብ ጋር ምን ልጠጣ?" ሲል የሚጠራው እሱ ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። በየቀኑ እያሸተተ፣ እየቀመሰ፣ ሰው እየጠየቀ ነው ያወቀው።

ከወይኖቹ ሁሉ የሚወደው ቬርዲኪዮ የሚሉትን ነጭ ወይን ነው። ከጣሊያን ምሥራቅ፣ ከባሕሩ ብዙ ከማይርቁ ኮረብታዎች ነው የሚመጣው። ቀለሙ ፈዘዝ ብሎ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ስኳር የሚባል ነገር የለበትም። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ መሃል ላይ አረንጓዴ ፖምና የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ሲዋጥ ደግሞ እንደ አልመንድ ልጣጭ መረር ይላል። ይህን የምለው እኔ እንዳልመስላችሁ፤ እሱ ነው። እኔማ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩ ዕለት "ኧረ ኮምጣጤ አታጠጣኝ!" ብዬ ብርጭቆውን መልሼ ሰጥቼዋለሁ።

እኛ ዘንድ ወይን ማለት ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭ ካልሆነም መድኃኒቱ ይታወቃል። አንድ በዓል ላይ ቤታችን የመጡ አንድ የምናከብራቸው ጋሼ ነበሩ። ባለቤቴ ያንን ወይኑን በክብር ቀዳላቸው። አንዴ ፉት አሉና ፊታቸውን አኮማተሩ፣ ወደ እኔ ዞር ብለውም "የኔ ልጅ፣ እስቲ ለስላሳ ካለሽ አምጪልኝ" አሉ። ብርጭቆውን እስከ አፉ በለስላሳ ሞሉት። ባለቤቴ ቆሞ እያየ "ይጨምሩ ጋሼ፣ ኧረ ይጨምሩ" ይላል፤ ፊቱ ግን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ፊት ነበር። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ወደ ነገሬ ልመለስና፣ ጎትቼ ዶክተር ዘንድ ወሰድኩት። ዶክተሯ ጥሩ ሴት ናት፣ ፊት ለፊት ነው የነገረችን። የተጎዳው የማሽተቻው ነርቭ ነው፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ምላሱ ጤነኛ ነው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ኮምጣጣና መራራ በምላስ ይታወቃሉ። ሌላው ጣዕም የምንለው ነገር ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። ጠዋትና ማታ ኃይለኛ ሽታ ያላቸውን ነገሮች እያሸተተ ይለማመድ አለች። ስንወጣ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች። ሽታው ሲመለስ ተዛብቶ ሊመለስ ይችላል፣ ጥሩው ነገር የበሰበሰ ሆኖ ሊሸተው ይችላል፣ እንዳትደነግጡ። እንዳትደነግጡ ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው።

ከሥራው ፈቃድ ወሰደ። አለቃው መጥተህ ዝም ብለህ ሥራ፣ ወይኖቹን እንደሆነ በቃልህ ታውቃቸዋለህ ብላው ነበር። እሱ እምቢ አለ። "የማይሸተኝን ወይን ይሄ ጥሩ ነው ብዬ ለሰው አላቀርብም" አላት። ኩራቱ አይጣል ነው!

ሥራው ይቅር፤ እኔን ያስፈራኝ ምግቡ ነበር። መብላት ተወ። ፊቱ ገባ፣ ቀበቶው ሌላ ቀዳዳ ተበሳለት፣ አንገቱ የሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ሰመጠ። እኔ ሳን ሆዜ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። ሳህኑን ገፋ ማድረግ የጀመረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ምግቡን ይገፋል፣ ቀጥሎ ጨዋታውን፣ ከዚያ ሰዉን። ባለቤቴ ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ይሄን ሰውዬ በአፍንጫ ምክንያት አላጣውም ብዬ ቆረጥኩ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከቆረጥኩ ጎረቤት ይሰማዋል።

እና ምን አደረግኩ? እናቶቻችን የሚያደርጉትን። ፊቱ ቁጭ ብዬ "በሞቴ ብላ!" ማለት ጀመርኩ። "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!" እጠቀልላለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አንዱ ጉርሻ ያጣላል ብዬ እደግማለሁ። እሱም ይበላልኛል። "ይጣፍጣል፣ እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። ደስ ብሎኝ ሥራ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ግን ከዓይኔ ሥር እየከሳ ነው።

አንድ እሑድ ልጃችን መጣች። የምትኖረው እኔ የምሠራበት ሳን ሆዜ ነው፤ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ። በሞቴ አልኩት፣ አጎረስኩት፣ "አቤት ሲጣፍጥ!" አለ። ልጄ አንዴ ጎረሰችና ማኘኳን አቆመች። "ማም፣ ጨው የለውም" አለችኝ፤ እሷም እንኳ ይቺን በአማርኛ ተናገረቻት። ቀመስኩት። እውነትም ጨው የሚባል ነገር አልነካውም፤ በጥድፊያ ረስቼዋለሁ።

"ጨው በምላስ ነው የሚታወቀው!" አልኩት፤ ደሜ ፈላ። "ዶክተሯ ምላስህ ደህና ነው ብላለች። ጨው እንደሌለው አላወቅክም?"

"አውቄያለሁ" አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

"ታዲያ አቤት ሲጣፍጥ ምንድን ነው?"

"በሞቴ እያልሽኝ ምን ልበልሽ? ሙቺ ልበልሽ?"

ልጄ ከጎን "ፎርስ አታድርጊው" አለችኝ። እሷን ልቆጣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ የማበላው መስሎኝ ለካ እሱ ነው እኔን የሚያባብለኝ። ምኑ እንደሚደርሰው፣ ምኑ እንደማይደርሰው አንድም ቀን እውነቱን አልሰማሁም፤ እውነቱን እንዳይነግረኝ አፉን የዘጋሁት ራሴ ነኝ። እዚያው ገበታው ላይ ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ በሞቴ የሚባል ነገር የለም። አፈር ስሆንም የለም፣ ጉርሻም የለም። ያልጣፈጠህን አልጣፈጠኝም በል። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

በማግስቱ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ወጥ ቤት ጠርቼ አስቀመጥኩትና "እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ይደርስሃል?" አልኩት። ሥጋው ላስቲክ ነው አለ። ዳቦው ጥጥ ነው። እንጀራው ኮምጣጣነቱ ይሰማዋል። ሎሚ ይሰማዋል።

"ቬርዲኪዮህስ?"

ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ከታመመ ወዲህ አንድም ጠርሙስ አልከፈተም። ስላላማረው አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ተነስቼ ከመደርደሪያው አንዱን አወረድኩ። በቡሽ መክፈቻው ስታገል አይቶ አላስቻለውም፤ "ነይ ወዲህ፣ ቡሹን ልትፈረፍሪው ነው" ብሎ ነጠቀኝ። ቀዳው። እንደ ልማዱ አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው ሊያስጠጋ ብሎ ተወው፤ ዝም ብሎ ፉት አለ።

"ኮምጣጣው አለ" አለ ቀስ ብሎ። "መጨረሻ ላይ ያለችው ምሬትም አለች። መሃሉ ግን የለም።"

"ሁለቱ ካሉ ይበቃናል" አልኩት። ይበቃናል ወይ? እኔ ምን አውቃለሁ! ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቡን ለወይኑ መሥራት ጀመርኩ። ምግብ ቤቱ ውስጥ እንግዳው ምግቡን ይመርጣል፣ እሱ ወይኑን ያቀርባል። እኛ ቤት ተገለበጠ፤ ወይኑ ይቀመጣል፣ እኔ ምግብ እፈልግለታለሁ።

"ከምን ጋር ነው የሚስማማው?" ስለው ደግሞ ያ የድሮው ሰውዬ ለትንሽ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። እጁን እያወናጨፈ ያስረዳኛል። ወይኑ የባሕር ነገር ይወዳል፤ ጥብስ ዓሣ፣ ሽሪምፕ። የዘይቱን ቅባት ከአፍ ያጥባል። ጨው ያለውን ይወዳል። ለጋ አይብ፣ መረር ያለ ቅጠል ጥሩ ነው። ስኳር ያለበት ምግብ ያበላሸዋል፤ በርበሬ ከበዛ ደግሞ ወይኑ አፍ ውስጥ እሳት ይሆናል። ሁልጊዜ የሚጨምራት ነገርም ነበረችው። "የእኛ ምግብ ግን ለወይን አይመችም። እነሱ አንድ ሳህን ላይ አንድ ምግብ ነው የሚበሉት። እኛ አንድ ትሪ ላይ አልጫውንም፣ ቀዩንም፣ ጎመኑንም፣ አይቡንም ደርድረን ነው። ለየቱ ትመርጫለሽ?"

"ለእንጀራው!" አልኩት። "በየጉርሻው ያለው እሱ አይደል? ቀዩንም ብትጠቅስ፣ አልጫውንም ብትጠቅስ እንጀራው አብሮህ አለ። ወይኑን ከእንጀራው ጋር አስማማ።"

አፉን ከፍቶ አየኝ። "ይቺን እስካሁን የት ደብቀሽ ነው?" አለኝ። ለራሴም ገረመኝ፤ ደግሞ ደስ አለኝ።

እንጀራውን ቆየት አድርጌ፣ ኮምጠጥ ሲል አቀርብለት ጀመር። ከኦክላንድ ቻይና ታውን ዓሣ እያመጣሁ፣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ጠብሼ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። አዚፋ ሠራሁለት፤ ምስሩን በሎሚ፣ በቃሪያ፣ ሰናፍጩን ጠንከር አድርጌ። ሰናፍጩ አፍንጫውን ሲቆነጥጠው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ይሄስ ደረሰኝ!" ብሎ ሁለተኛ አነሳ። አዚፋው ላይ ወይኑን ፉት ሲል ፊቱ ላይ ትንሽ ነገር ይበራል። ጎመን በአይብ ተሳካ። ዱለት አልተሳካም። በዶሮ ወጥማ ተጣላን። አይሄድም አለኝ፣ ይሄዳል አልኩ፣ ግትር ብዬ ሠራሁት። አንድ ጎርሼ በወይኑ ሳወራርደው ጉሮሮዬ ነደደ፤ ሳል በሳል ሆንኩ። "ምነው? ቀጥይ እንጂ፣ ይሄዳል አላልሽም?" እያለ ውኃ አቀበለኝ። የልቤን እውነት ልናገርና፣ በእኔ ሲያላግጥ መስማት ናፍቆኝ ስለነበር አልከፋኝም።

ሁሉ ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። መስኮቱ ጋ በትንንሽ ብልቃጥ ጤና አዳም፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማና የሎሚ ልጣጭ ደርድሬለት ነበር። ጠዋት ያሸታል፣ ማታ ያሸታል። "እህ?" እለዋለሁ። "ምንም" ይለኛል። ሲሰለቸው "ተይኝ እስቲ" ይላል። አንድ ቀን የሠራሁለትን ዓሣ ሳይነካ ቆሻሻ ውስጥ ሲደፋ ደረስኩበት። ምላሴ ላይ በሞቴ መጣችብኝ። ነክሼ ዋጥኳት፣ ሌላ ሳህን አውጥቼ አጠብኩ፣ ነገ ሌላ እሠራለሁ አልኩ። በማግስቱ ወደ ሳን ሆዜ ስነዳ መንገዱ ላይ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ጮኼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን አበስኩ፣ ሺፍቴን ገባሁ፣ ስመለስ ዓሣ ገዛሁ።

እንዲህ እያልን ከረምን። ኪሎ ባይጨምርም መክሳቱን አቆመ። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ አልባኒ ካለችው የወይን ሱቅ የገዛሁትን ያንኑ ቬርዲኪዮ ከፈትኩ፤ ቡሽ መክፈት ተክኜ ነበር። ትንንሽ ዓሣዎች ጠብሻለሁ፣ አዚፋውም ቀርቧል። መጀመሪያ እኔ ቀመስኩት፤ ወይን ነው፣ ደህና ነው። ለእሱ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያደርስ ቆመ። ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

"ይሄ ተበላሽቷል" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ይሸታል። ዝናብ የመታው ጆንያ ይሸታል።"

ይሸታል! ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ግን ተመልሶ ወደቀ። የዶክተሯ ቃል ነው የመጣብኝ፤ ጥሩው ነገር የበሰበሰ ሆኖ ሊሸተው ይችላል ብላን ነበር። ብርጭቆውን አንስቼ አሸተትኩ። ለእኔ ምንም የለውም። ደግሜ አሸተትኩ፤ ወይን ነው። እሱም ፊቴን አነበበ።

"እኔ ነኝ አይደል?" አለ። "ወይኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ የተበላሸሁት።" ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አደረገው፣ ዓሣውንም ገፋው። የቀረችለት አንዲት ነገር ያ ወይን ነበር፤ እሱም ከበሰበሰበት ይሄ ሰው ከእንግዲህ አፉን ለምንም እንደማይከፍት ገባኝ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቡሹን መልሼ ከተትኩት፣ ጠርሙሱን ብብቴ ሥር አደረግኩ፣ የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ሱቁ።"

"ተይ እባክሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂን።"

"አርፈህ ተቀመጥ!" አልኩትና በሩን ዘጋሁበት።

አልባኒ ሩቅ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ቀይ መብራቱ ሁሉ እኔን የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው። ባለሱቁ ሽማግሌ ነጭ ሰው ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት። መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ተበላሽቷል ወይ ብዬ እንዳልጠይቀው ለራሴ ማልኩ። ደግ ሰው ነው፤ ተበላሽቷል ብዬ ብነግረው "አዎ፣ ይቅርታ" ይለኛል፣ ደህና ነው ብዬ ብነግረውም "አዎ፣ ደህና ነው" ይለኛል። እኔ የፈለግኩት ደግነቱን ሳይሆን አፍንጫውን ነው። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና "ይሄን አሽትልኝ" ብቻ አልኩት።

"ምን ሆነ?" አለኝ።

"ምንም። ዝም ብለህ አሽትልኝ።"

ግራ ተጋብቶ አየኝና ብርጭቆ አመጣ። ትንሽ ቀዳ፣ አዞረው፣ አፍንጫውን አስጠጋ። ራሱን ወደ ኋላ ሳበ። ደግሞ አሸተተ። ቡሹን አንስቶ እሱንም አሸተተ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ከፊቱ አራቀው።

"ውኃ የገባበት ምድር ቤት ይሸታል" አለ። "ቡሹ ነው ያበላሸው። አንዳንዴ ያጋጥማል። የዚህኛው ሽታ ደግሞ ስስ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው የሚጠጣው። ማን ነው ያወቀው?"

"ባሌ" አልኩት። "ባሌ ነው ያወቀው። እርግጠኛ ነህ ግን?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ባንኮኒውን በሁለት እጄ ያዝኩና እዚያው ሰው ፊት ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ሰውየው ደነገጠ። ሮጦ አዲስ ጠርሙስ አመጣልኝ፤ እሱ አላስቆመኝ ሲል ሌላ ጨመረ። ለተበላሸ ወይን እንዲህ የምታለቅስ ደንበኛ ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። እያለቀስኩ አመሰገንኩት፣ እያለቀስኩ ሁለቱንም ታቅፌ ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ኮል አደረግኩለት። ገና አንዴ ሲጠራ አነሳው። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

"ጠርሙሱ ነው" አልኩት። "አንተ አይደለህም። ሰውየው አሽትቶ ራሱ ነው የነገረኝ፣ እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ጠርሙሱ ነው የተበላሸው።"

አፉን በእጁ እንደሸፈነ ሰው የታፈነ ለቅሶ ሰማሁ። እኔም አላባበልኩትም፤ እዚያው የሱቁ ደጃፍ ላይ ሞተሩን ሳላስነሳ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ሰማሁት። በመጨረሻ አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማኝ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ።

"እስካሁን ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። "ነይ እንጂ፣ ርቦኛል።"